ሦስተኛው «ቆዩ»

ሰኔ 10 ቀን 1993፣ እሑድ

ጻፍ፣ አብደላ። ስሜ ቶማ ይባላል፤ የወላይታ ሶዶ ሰው ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። ስድስት የፍቅር መጽሐፍ ግን ደርሻለሁ። የሚስቅ ካለ አንተ ሱቅ ይምጣና ይይ። ከስኳሩና ከባትሪው ድንጋይ መሐል የኔ መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ የአሥረኛ ክፍል ልጆች በአዳር እየተከራዩ እንባቸውን ያፈሱባቸዋል። ባለፈው «ገጹን በእንባ አርሰው መለሱልኝ፣ ማን ይከፍለኛል?» ያልከኝ አንተ አይደለህም?

በሬዲዮ ሰማሁ። ደራሲ የተባለ ሰው የየዕለቱን ውሎ ያስቀምጣል አሉ። እኔስ ከማን አንሳለሁ?

መጽሐፉን የምትጽፍልኝ ብሩክታይት ናት፣ የሟች ወንድሜ ልጅ። አባትም እናትም የላትም፤ እኔና ባለቤቴ አስካለች አሳደግናት። ቀን ከተማ ውስጥ ታይፕ ቤት ትሠራለች። ከሥራ ወደ ቤት ስትመለስ እኔ ጋ ትቀመጣለች፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ይህን ደብተር ግን ለሷ አላስጽፍም። አብደላ ለምን ይለኛል። የሱቅ ሰው ነህ፣ ሚዛንህን ጠብቅ አልኩት።

ሰኔ 14፣ ሐሙስ

ሥራዬ እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት እንሰቱ መሐል እመላለሳለሁ። ጎረቤት «ሽማግሌው ምን ጠፋበት?» ይላል። ምንም አልጠፋብኝም። ጽጌንና ኤፍሬምን የት እንደማገናኛቸው እያሰብኩ ነው። ጽጌ የአዲሱ መጽሐፌ ልጅ ናት፣ ተማሪ። ኤፍሬም ጋራዥ ይሠራል፤ እጁ ዘይት፣ ልቡ ንጹሕ። አባቷ አይሆንም ብሏል። በኔ መጽሐፍ አባት ሁልጊዜ አይሆንም ይላል፤ አለዚያ መጽሐፉ ገጽ ሃያ ላይ ያልቃል።

ይህን ሙያ የጀመርኩት ጦር ሠፈር ነው። ወታደሩ ለወዳጁ የሚልከውን ቃል እኔ በአፌ እደርስለት ነበር፤ የሚጽፈው ሌላ። በኔ ቃል ስንቱ ትዳር ያዘ! አማርኛውንም ያወቅሁት እዚያ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ዓይኔን ታምሜ ነበር። ዓይኔ ሲድን ደግሞ ከሕፃን ጋር ተቀምጬ ሀሁ ማለቱ አስጠላኝ። ቀረ።

ዛሬ ብሩክታይት የጻፈችውን መልሳ ስታነብልኝ አንድ ነገር ሰማሁ። ጽጌ «ትራሷን ነክሳ አለቀሰች» ይላል።

«እኔ ትራስ አላልኩም» አልኳት።

«አላሉም፣ አዋ።» አዋ ትለኛለች፤ በኛ ቋንቋ አባት ማለት ነው። «‹አለቀሰች› ብለው አለፉ። እናቷ ከግድግዳው ማዶ ተኝታ፣ እንዴት ድምፅ አውጥታ ታልቅስ?»

እንዲህ ትጨምራለች። ቀለም ታባክናለች እንጂ ጉዳት የለውም። አሳታሚው ደግሞ ሁልጊዜ እሷ የጨመረችውን ነው የሚያወድሰው። ምን ያውቃል፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው።

ሰኔ 20፣ ረቡዕ

ሽማግሌ መጣ። ከሻንቶ። መሪያቸው ቦጋለ የሚባል፣ አንደበቱ የተገራ ሰው። በሩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ቁጭ በሉ እስኪባሉ አይቀመጡም፣ ወግ ነው። እኔም ትንሽ አቆምኳቸው። ይህም ወግ ነው።

«ልጅ ልንለምን መጥተናል» አለ ቦጋለ።

«እኔ ቤት የሚለመን ነገር የለም። ቆጮና ዳጣ ካላችሁ ግን አለ።»

ሳቁ። ተቀመጡ። በሉ። የላካቸው ደገፉ የሚባል አናጢ ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው። የጨረታ ወረቀት ሊያስተይብ ታይፕ ቤት መጥቶ ብሩክታይትን አየ። ከዚያ በኋላ፣ ቦጋለ እንዳለው፣ «ጨረታ ባይኖርም መምጣቱን አልተወም»። በጓዳ በኩል አስካለች ስትስቅ ሰማኋት። ዕድሜዋን ረሳችው።

«ቆዩ» አልኳቸው።

አብደላ የስልጤ ሰው ስለሆነ ላስረዳው። በኛ ዘንድ የመጀመሪያው «ቆዩ» ለልጅቷ ክብር ነው። በአንድ ቃል የተሰጠች ልጅ ባሏ ቤት ትቀላለች። ሁለተኛውም «ቆዩ» ወግ ነው፤ ዘር ይጠየቃል፣ ጎሳ ይጣራል፣ አንድ ጎሳ ከሆኑ አይጋቡማ። በሦስተኛው ይሰጣል። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል።

«በሦስተኛው ትሰጣለህ እንግዲህ?» አለ አብደላ።

ብዕርህን ያዝ አልኩት።

ሰኔ 27

ዝናብ። መብራት የለም። ሰባተኛው ምዕራፍ አልሄደም።

አሳታሚው ታይፕ ቤት ስልክ ደውሎ ነበር። በመስከረም ካላደረስክ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ ይላል። ለማን? ማን እንደ ቶማ ይናገራል? መናገሩን እናገራለሁ። ብሩክታይት ከሄደች ግን ማን

ይህችን ሰርዝ። አብደላ አልሰርዝም አለ። ሱቅ ውስጥ ተጨቃጨቅን። ሚስቱ ዘይነባ ወጥታ «ሁለታችሁም ሻይ ጠጡና ዝም በሉ፤ ደንበኛ አባረራችሁ» አለች።

ሐምሌ 5፣ ሐሙስ

ሁለተኛ ጊዜ መጡ። ቦጋለ የደገፉን ዘር በቃሉ ቆጠረ። አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ አልፎም ሄደ። ጎሳቸው ከኛ የራቀ ነው። እንከን ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። «የእናቱስ ወገን?» አልኩ። የእናቱንም ቆጠረ። አፉ አይደርቅም ይህ ሰውዬ።

«ቆዩ» አልኩ።

«ደግ» አለ ቦጋለ። «ሁለተኛ ነው።» ፈገግ ብሎ ሄደ።

አስካለች ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። ሳህኑን ስታስቀምጥ ግን ሳህኑ ተናገረ።

ሐምሌ 8፣ እሑድ

ደገፉ ራሱ መኪና መናኸሪያው ላይ አገኘኝ። ረጅም፣ ጀርባው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ጥፍሩ ሥር ሙጫ። ኮፍያውን አወለቀ። እሱ እኔን ማናገሩ ነውር ነው፤ ሽማግሌ የተላከበት ነገር መንገድ ላይ አይወራም። እሱም ያውቃል። ስለ ልመናው አንድም ቃል አልተነፈሰ።

«ጋሼ፣ መጻሕፍትዎን ሁሉንም አንብቤያለሁ» ብቻ አለኝ።

«የቱ ይሻላል?»

«ሁሉም ላይ ልጁና ልጅቷ ይገናኛሉ። ያንን አምኜ ነው።»

ምን እንዳመነ አልተናገረም። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። አልወደድኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጨዋ ልጅ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሁለት ሴቶች ሲያልፉ ሰማሁ። «ሠላሳ ዓመት አልፏታል እኮ።» «ሽማግሌው ብዕር አደረጋት፣ ምን ታድርግ።» ዞሬ ባይ የፖሊስ ሚስትና የመዘምራኑ መሪ እናት። የሰው ወሬ። ብዕር ማለት ስድብ ነው እንዴ?

ሐምሌ 13፣ ዓርብ

ዛሬ አብደላ ሱቁን ዘግቷል፤ ጊዜ አለን። ረዘም አድርገህ ጻፍ።

የጽጌን አባት ምዕራፍ ያዝን። እኔ እንዲህ አልኩ፤ አባትየው በበሩ ቆሞ ጮኸ፣ ኤፍሬምን አባረረ፣ ጽጌን ቆለፈባት። ብሩክታይት ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን አነሳች።

«አዋ፣ ይህ ሰውዬ ለምንድን ነው የሚከለክለው?»

«ክፉ ስለሆነ ነዋ!»

«ክፉ ነኝ ብሎ የሚከለክል ሰው የለም። ምክንያት ይስጡት።»

«ልጁ ድሃ ነው በይ።»

«ባለፈው መጽሐፍ ድህነት ነበር። ከዚያ በፊትም ድህነት።»

«እንግዲያው ዘሩ...»

«ከዚያም በፊት ዘር ነበር፣ አዋ። አንባቢዎቹ ሰልችቷቸዋል። እውነተኛውን ምክንያት ይንገሩኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ እንግዲህ ደራሲ ነኝ፤ ምክንያት አይጠፋኝም። አባትየው እያረጀ ነው አልኩ። ጠዋት ሲነሳ ድምፅዋን ይሰማል፤ ሬዲዮውን የምትከፍትለት እሷ ናት፤ ሐሳቡን ሳይጨርስ የምትጨርስለት እሷ ናት። እሷ ከሄደች ቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰው ይኖራል፣ የሚሰማ ግን አይኖርም። ይህን ደግሞ ለማንም መናገር ያፍራል። ስለዚህ ይጮኻል።

ጻፈች። ስትጽፍ እንዲያ አይቻት አላውቅም፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀድ ነበር። ስትጨርስ አላነበበችልኝም።

«አንብቢልኝ እንጂ።»

«ነገ» አለች። «ዛሬ እጄ ደክሟል።»

ጥሩ ምዕራፍ ነው። ከእስከ ዛሬው ሁሉ ይበልጣል። አብደላ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። ምን ሆነሃል ስለው፣ «ወላሂ ቶማ፣ አንተ ራስህን አትሰማም» አለኝ። ጆሮዬ ደህና ነው። ፊደል ነው የማላውቀው።

ሐምሌ 29፣ እሑድ

ሦስተኛ ጊዜ መጡ። በጭቃ፣ በዝናብ። አስካለች አዲስ ጋቢ አልብሳኝ ነበር። ቅቤ አንጥራ ሙቿ ሠርታ ነበር፤ ሙቿ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን ነው የሚሠራው። የእንሰቱ ሽታ ቤቱን ሞላው። ብሩክታይት ጎረቤት ሄደች፤ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቱ እቤት አትገኝም። ስትወጣ ነጠላዋን ሁለት ጊዜ አስተካከለች።

ቦጋለ ቆሞ ተናገረ፤ ባረከ፤ ለመነ። ከዚያ ሁሉም እኔን አዩ።

አሳታሚው ቀን ቆርጧል። ሦስት ምዕራፍ ቀርቶኛል። መጽሐፉ ሳያልቅ እንዴት ይሆናል? አንድ ወር፣ ሁለት ወር ምን አላት?

«ጊፋታ ይለፍና» አልኩ። «ቆዩ።»

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ።

ቦጋለ በቀስታ ተነሳ። «አቶ ቶማ፣ ሦስተኛ ነው።»

«እምቢ አላልኩም። ጊፋታ ይለፍ ነው ያልኩት።»

«በወላይትኛ ነው የተነጋገርነው» አለ። «ተግባብተናል።»

ሌሎቹም ተነሱ። ሙቿውን አልነኩም። ቅቤው በላዩ ሲረጋ አየሁት።

ማታ ብሩክታይት ጠየቀችኝ። «ምን ብለው መለሷቸው?»

«ቆዩ አልኩ።»

«አሁንም?»

«ምዕራፍ አሥርን እንጀምር» አልኳት። ወረቀት አወጣች። ጀመርን።

አብደላ፣ እንዲህ አትየኝ። እምቢ አላልኩም። አንተም ራስህ ጽፈኸዋል፣ እምቢ የሚል ቃል የለበትም።

«ልጄን ናጂያን ሲጠይቁኝ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም» አለ አብደላ። «ሰጠሁ። ይኸው ሆሳዕና ከተማ ናት፤ ቤቱ ባዶ ነው። ግን ስትመጣ እየሳቀች ነው የምትመጣው።»

የሱን ነገር ማን ጠየቀው።

ነሐሴ 4

ሆዴን አመመኝ። አልሠራሁም።

ነሐሴ 9

ሁለት ተማሪዎች በዝናብ በሬ ድረስ መጡ። «አባባ፣ በአዲሱ መጽሐፍ ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም?» ግዙና እዩ አልኳቸው። አንደኛዋ «እንዲጋቡ ያድርጉልን በናትዎ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ላልተጻፈ ነገር! ደስ ይለኝ ነበር ድሮ።

ከሻንቶ ማንም አልመጣም። ሰው በጊፋታ ማግሥት ና ከተባለ መሐል ላይ ብቅ ብሎ እንደምን አላችሁ አይልም? ሥነ ሥርዓት ጠፍቷል።

ብሩክታይት ትመጣለች፣ ትጽፋለች፣ ትተኛለች።

ነሐሴ 18፣ ዓርብ

ሻንቶ ሄድኩ። ዝንጅብል ልገዛ። የሶዶ ዝንጅብል ውድ ሆኗል።

ሚኒባሱ ያወረደኝ ከአናጢ ቤት ፊት ለፊት ነው። ዝናቡ ሲበረታ ታዛው ሥር ቆምኩ። ሌላ ታዛ አልነበረም። ደገፉ ውስጥ ሆኖ እንጨት ይልጋል። አየኝ። መላጊያውን አስቀመጠ።

«ግቡ ጋሼ፣ ይርሳሉ።»

ገባሁ። የሴት ወገን ወደ ወንድ ቤት አይሄድም፣ አውቃለሁ። ግን እኔ የሄድኩት ከዝናብ ለመሸሽ ነው። ትልቅ አልጋ እየሠራ ነበር። ራስጌው ላይ አበባ ፈልፍሎበታል፣ የሚያምር ሥራ።

«የማን ትእዛዝ ነው?»

«የቤቴ ነው።»

ልቤ ዘለለ። የሽማግሌ ልብ መዝለሏ አያምርም። ዝንጅብሉን ረሳሁት። «እኔ እምቢ አላልኩም እኮ፣ ልጄ» አልኩት። «መጽሐፉም ሊያልቅ ነው። ጊፋታም ቀርቧል።»

አቧራውን ከአልጋው ላይ በእጁ ጠረገ። ለረጅም ጊዜ ጠረገው።

«ጋሽ ቦጋለ ሌላ ቤት ሄዱ» አለ። «በአንድ ቃል ሰጧቸው።»

«በአንድ ቃል?»

«በአንድ ቃል። እኔ አልቸኮልኩም ጋሼ። ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሦስት ጊዜ ተዋርደናል አሉ፤ እንደገና ሂዱ ብዬ ብለምናቸው፣ ደጅ የሚጠና ሌላ ሰው ላክ አሉኝ። ቃል ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ምን ላድርግ?»

በኔ መጽሐፍ ቢሆን ልጁ በዝናብ ሮጦ ታይፕ ቤት ይደርሳል፤ ልጅቷ ከወንበሯ ትነሳለች። ይህ ልጅ ግን መላጊያውን አነሳና ሥራውን ቀጠለ። ሌላ ልጅ ሊሰጡት ቃል ገብተዋል፤ ምን ያድርግ።

ዝንጅብል ገዝቼ ተመለስኩ። ለአስካለች ሰጠኋት። «ቤት ውስጥ ሞልቷል እኮ» አለች።

ነሐሴ 19

ለብሩክታይት አልነገርኳትም። መጽሐፉ ይለቅ። ከዚያ እነግራታለሁ። ሰው ክፉ ወሬ ይዞ ጥሩ ምዕራፍ አይጽፍም።

ጳጉሜን 2፣ ዓርብ

አርፍዳ መጣች።

«ሥራ በዝቶ ነበር?» አልኳት።

«የሠርግ መጥሪያ ነበር፤ እስክጨርሰው ነው።»

«የማን?»

«የሻንቶ ሰው ነው። አቶ ቦጋለ ራሳቸው አመጡት። የምሠራበት ታይፕ ቤት ያ መሆኑን አላወቁም ነበር መሰለኝ፤ ሲያዩኝ ወረቀቱን መልሰው ኪሳቸው ሊከቱ ፈለጉ። ‹ይስጡኝ፣ ሥራዬ ነው› አልኳቸው።»

ወረቀቷን አወጣች፤ አስተካክላ አስቀመጠች።

«የሙሽራውን ስም መጀመሪያ አሳስቼ ነበር» አለች። «አረምኩት። የት ደርሰን ነበር፣ አዋ?»

የት እንደደረስን አላውቅም ነበር። እሷ አስታወሰችኝ።

መስከረም 4 ቀን 1994፣ ዓርብ

ቦምቤ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ይፈልጋል፤ ተፈትና አልፋለች። ለማንም ሳትናገር ነው የተፈተነችው። የፊታችን ሐሙስ ሥራ ትጀምራለች። አስካለች አለቀሰች፤ ከዚያ ልብሷን ልታጥፍላት ገባች። አትሂጂ አላለቻትም። ይህ ነው የገረመኝ።

«ጊፋታ ሳይደርስ?» አልኩ። «ከአዋሳ፣ ከአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ አንቺ ትወጫለሽ? ሰው ምን ይላል? ትንሽ ብትቆዪ ምን አለበት!»

«ቆይቻለሁ፣ አዋ» አለችኝ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቁጣ እመልሳለሁ፤ ጦር ሠፈር ነው የኖርኩት።

አብደላን ዛሬ ስለ ምንም እንዳትናገር አልኩት። ሻይ ግን አዘዘልኝ።

መስከረም 8፣ ማክሰኞ

የመጨረሻውን ምዕራፍ ዛሬ ጀመርን። ነገ ጠዋት መኪና ትሳፈራለች። «ሳልጨርስልዎት አልሄድም» ብላ ነው የመጣችው። ቃሏን ትጠብቃለች፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት።

ሠርጉ ነው። ድንኳኑን ተከልኩ፤ ዘፈኑን አመጣሁ፤ ኤፍሬምን ዘይቱን አስታጥቤ ሱፍ አለበስኩት። ጽጌን በነጭ አወጣኋት። ብሩክታይት ሁሉንም ጻፈች። አንድም ነገር አልጨመረችም። ቆም ብዬ እጠብቃታለሁ፣ እንደ ልማዷ አንድ ነገር ጣል እንድታደርግበት። ዓይኗን ወረቀቱ ላይ አድርጋ እኔን ትጠብቃለች። ስታነብልኝ ደረቅ ነበር፣ እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ።

«ከዚያ አባትየው ይመጣል» አልኩ። «በድንኳኑ በር ይገባል፤ ይባርካቸዋል፤ ሁሉም ያለቅሳል። አለቀ።»

አልጻፈችም።

«ማን ጠርቶት?» አለች።

«እንዴት ማን ጠርቶት? አባቷ ነው!»

«ይሁን። ማን ጠራው? እሷ አልጠራችውም። ኤፍሬምን አባሯል፤ እሱም አይጠራውም። አንባቢው ይጠይቃል፣ አዋ።»

«እንግዲያው ሳይጠራ ይመጣል።»

«ሳይጠራ ከመጣ በር ላይ አንድ ነገር መናገር አለበት። ዝም ብሎ ገብቶ አይባርክም።» ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «ምን ይበል? ይንገሩኝና ልጻፈው።»

ጠበቀችኝ። ፊቷ ላይ ክፋት የለም፤ እውነት እላለሁ፣ ልትጽፈው ፈልጋ ነው የጠበቀችኝ። ብርሃኑ ከመስኮቱ እስኪሄድ ጠበቀችኝ። እኔ ለስንቱ ወታደር ቃል የሰጠሁ ሰው፣ አፌን ከፈትኩ፤ ሳል ብቻ ወጣ።

ወረቀቱን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ አስተካከለች። ጉልበቴን ሳመች፤ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ የተነሳ ሰው እንደሚስም። ልብሷን ልትጨርስ ወደ አስካለች ገባች።

እኔም ወደዚህ መጣሁ። አብደላ፣ አንተ የምታከራየውን ሁሉ አንብበሃል። የሴት ልጅ አባትም ነህ። ሳይጠራ የመጣ አባት በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ የሚለው ምንድን ነው?

አብደላ አያውቅም።

መኪናው ማለዳ ነው የሚነሳው። ሌሊቱን እዚሁ ተቀመጥ፣ ሱቁን አትዝጋ፤ ምናልባት ቃሉ ይመጣልኝ ይሆናል።